ለጣና ጀልባ ሁለት ባትሪ እንዴት ይገጠማል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ባላት ጀልባ ከባህር ዳር ዘጌ እንግዶች አመላልሳለሁ። ያለኝ አንድ ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው)፣ መብራቱ፣ ውሃ መምጠጫ ፓምፑ፣ ትንሿ ማቀዝቀዣ ሁሉም ከእሱ ነው የሚጠቀሙት። ባለፈው ሳምንት እንግዶቹ ገዳሙን ጎብኝተው እስኪመለሱ ባትሪው አለቀ። ሞተሩ አልነሳ አለኝ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቷል፣ ሕፃናትም ነበሩ። በሌላ ጀልባ ተጎትተን ገባን። በጣም ነው የደነገጥኩት። አሁን ሁለተኛ ባትሪ ገዝቻለሁ። ዝም ብዬ ላገናኛቸው?

መካኒኩ፦ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ተው፣ እንዲያ አታድርግ። አንድ ላይ ካሰርካቸው አብረው ነው የሚያልቁት፤ አሮጌው አዲሱንም ይጎዳዋል። አዲሱን ለሞተሪኖ ብቻ ተወው። ኔጌቲቮቹን እርስ በርስ አገናኝ፣ ፖዘቲቮቹን ወደ ባትሪ መምረጫ ማብሪያ ውሰድ። «1»፣ «2»፣ «ሁለቱም»፣ «ዝግ» የሚል አለው። ሞተሩ እየሠራ ግን ወደ «ዝግ» እንዳታዞረው! ቻርጁ መሄጃ አጥቶ ሬክቲፋየሩን፣ ማለትም የሞተሩን ኤሌክትሪክ ለባትሪ እንዲመች የሚቀይረውን ዕቃ፣ ሊያቃጥለው ይችላል።

የደቅ ልጅ፦ መካኒኩ ያለው ልክ ነው፤ ግን ማብሪያው ብቻውን አይበቃም። ሰው ይረሳል። እኔ ራሴ «ሁለቱም» ላይ ትቼው ሁለቱንም ጨርሻለሁ። ቮልቴጅ አይቶ የሚያገናኝ ሪሌ (በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ጨምርበት። ሞተሩ ተነስቶ የማስነሻው ባትሪ 13.3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ሁለቱን ያገናኛል፤ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያቸዋል። አንተ ምንም አትነካም።

ጋሽ ኤሌክትሪሻን፦ ልጆች፣ ፊውዙን የት ጣላችሁት? ከእያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ሪሌውና ወደ ዕቃዎቹ በሚሄደው ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ። ጀልባ ላይ እሳት ከተነሳ መሸሻ የለም። ፓምፑን ደግሞ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከአሮጌው ባትሪ አገናኘው። ፓምፑ ውሃ ሲገባ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ፣ ማብሪያው ተዘግቶ ስታድርም ይሠራል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ማቀዝቀዣዋ 4 አምፔር ትወስዳለች። ቀኑን ትችላለች?

የደቅ ልጅ፦ 5 ሰዓት ከሠራች 20 አምፔር ሰዓት በላች ማለት ነው። ከ70ው ግማሹን፣ 35ቱን ብቻ ያለህ አድርገህ ቁጠር። ከዚያ በታች ቶሎ ቶሎ ከወረደ ባትሪው ዕድሜ አይኖረውም። ያንተ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ 35ቱንም ላይሰጥህ ይችላል። የሞተሩም ዲናሞ ትንሽ ነው፣ ቀስ ስትል ይበልጥ ይቀንሳል። ጣሪያው ላይ 50 ዋት ሶላር ከነመቆጣጠሪያው ብታደርግ በጠራ ፀሐይ ወደ 3 አምፔር ይመልስልሃል።

ጋሽ ኤሌክትሪሻን፦ ባትሪዎቹን አየር በሚያገኝ ሳጥን አስራቸው፤ ቻርጅ ሲያደርጉ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ በቴስተር ለካ። 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው። የማስነሻው 12.2 ካሳየህ እንግዳ አትጫን።