ከጫማ ላይ ቀለም ለማስለቀቅ፦ የቱ ፈሳሽ ለየትኛው ጫማ፣ ለባለሙያ የሚሰጠውስ የቱ ነው?

«ከጫማ ላይ ቀለም የሚያስለቅቅ ጥሩ ነገር ጠቁሙኝ» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው በጥያቄ ነው። ቀለሙ የውሃ ነው ወይስ የዘይት? ጫማውስ ከምን የተሠራ ነው? እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ የሚሰጥ ጥቆማ ጫማ ያበላሻል። ሸራ ጫማን የሚያድን ፈሳሽ የቆዳ ጫማን በደቂቃ ውስጥ ሊያጠፋው ይችላል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የምወደው ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው። ግድግዳ ስቀባ የጥፍር ስፋት ያላት ነጭ ጠብታ በግራው ጫማ ጫፍ ላይ አረፈች። ሳላያት ደረቀች። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። ጥጡ መጀመሪያ ነጭ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ቡናማ ሆነ። ጠብታዋ ስትለቅ አብሮ የለቀቀው የጫማው መልክ ነበር፤ በቦታው የቀረው ሻካራ፣ ፈዛዛ ክብ ነው።

በኋላ ጫማውን ያሳየሁት ባለሙያ ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ይመራኛል። በአብዛኛው የቆዳ ጫማ ላይ የምናየው መልክ ከቆዳው ውስጥ የሚወጣ አይደለም፤ በቆዳው ላይ የተረጨ ስስ የቀለም ሽፋንና በላዩ ያረፈ መከላከያ ነው። ያ ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው አሴቶን ደግሞ ቆዳ የሚያድሱ ሰዎች አሮጌውን ሽፋን ሆን ብለው ገፍፈው እንደገና ለመቀባት የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ነው። እኛ የግድግዳውንም፣ የጫማውንም፣ በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠውንም የጫማ መወልወያ «ቀለም» እንላለን፤ ፈሳሹም የአንዱን ከሌላው አይለይም። ስለዚህ ቀለም የሚያስለቅቀው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ባዕዱን ቀለም ከጫማው ቀለም ቀድሞ የሚያስለቅቀው የቱ ነው? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ቀለሙን መለየት ከባድ አይደለም። ቆርቆሮው ካለ ጀርባውን አንብቡ፤ ቡሩሹ በውሃ ይታጠባል ካለ የውሃ ቀለም ነው፣ በቲነር ወይም በአኳራጅ ካለ የዘይት ነው። ቆርቆሮው ከሌለ በአልኮል የረጠበ ጥጥ ለአንድ ደቂቃ ጠብታው ላይ አሳርፉ። ላዩ ከለሰለሰና ተጣባቂ ከሆነ፣ ቀለሙም ወደ ጥጡ ከመጣ፣ የውሃ ቀለም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ምንም ካልተሰማው የዘይት ቀለም ነው ብላችሁ ቀጥሉ። ልዩነቱ ከአደራረቃቸው ይመጣል። የውሃ ቀለም ውሃው ሲተን በውስጡ የተበተኑት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተጣብቀው አንድ ሽፋን ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይመልሰውም፣ አልኮል ግን ያለሰልሰዋል። የዘይት ቀለም ደግሞ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው፤ ይህም ለቀናት ይቀጥላል። የትናንቱ የዘይት ጠብታ ከወር በፊቱ ይልቅ በጣም ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀለሙ ገና እርጥብ ከሆነ ደግሞ ምንም ዓይነት ምርት አትፈልጉ። የውሃ ቀለም ከሆነ ሥራውን አቁማችሁ በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ወዲያውኑ ጥረጉት። ከካሞሽና ላዩ ካልተሸፈነ ቆዳ በስተቀር ለሁሉም ጫማ ይህ ይሠራል።

አሁን ወደ ፈሳሾቹ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ነው። ለደረቀ የውሃ ቀለም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ኃይሉ መካከለኛ ነው፤ ስትሳሳቱ የማረሚያ ጊዜ ይሰጣችኋል። ለቆዳ ጫማ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በማሰሪያው ሥር ባለው ምላስ ላይ ሞክሩት፤ ጥጡ የጫማውን መልክ ካመጣ እዚያው አቁሙ። ካላመጣ የጆሮ ጥጥ ጫፍ አርጥባችሁ ጠብታው ላይ ብቻ አሳርፉ፤ ዙሪያውን አትንኩ። ቀለሙ ሲለሰልስ በእንጨት ስንጥር ወይም በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል ግፉት። ጥረጉ፤ አድርቁ፤ ድገሙት። ዐሥር ጊዜ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዐሥሩንም ጊዜ በቀስታ። አልኮል የቆዳውን ቅባት ስለሚመጥጥ ሲያልቅ የቆዳ ማለስለሻ ክሬም መቀባት የሥራው አካል ነው እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም። ፈሳሹ እየፈሰሰ ካስቸገራችሁ የእጅ ሳኒታይዘር ሞክሩ፤ አልኮሉ በዝልግልግ ውስጥ ስለሆነ ባስቀመጡት ቦታ ይቆያል። ለጎንና ለተረከዝ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

አሴቶን ፈጣን ነው፤ ሰውም በፍጥነቱ ይወደዋል። እኔ የምጠቁመው ለጠንካራ የጎማ ሶልና ምንም ቀለም ላልተነከረ ነጭ የጥጥ ሸራ ብቻ ነው። በአርቴፊሻል ቆዳ ላይ ከደረሰ ላዩን ያቀልጠዋል። እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀውን ቆዳ ለዘለቄታው ያደበዝዘዋል። አንዳንድ የሳቲን ጫማዎች የሚለበጡበትን አሴቴት የተባለ ጨርቅ ጭርሱኑ ያሟሟዋል። ሶልና ጫማ የተጣበቁበት መስመር ላይ ከገባ ደግሞ ማስቲሹን ያላቅቃል።

ለዘይት ቀለም አኳራጅ እና ቲነር ይጠቀሳሉ፤ ብዙ ሰው እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። አይደሉም። አኳራጅ ለዘብ ያለ ነው፣ በዝግታም ይተናል። ቲነር የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቶሉይን እና አሴቶን ያሉ ኃይለኛ ፈሳሾች ቅልቅል ስለሆነ አሴቶንን የከለከልኩበት ቦታ ሁሉ እርሱም የተከለከለ ነው። ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ አኳራጅን ውሰዱ። ሸራ ጫማ ላይ ስትጠቀሙ ከጨርቁ ጀርባ ንጹሕ ጨርቅ አድርጉ፤ ከላይ ስትጫኑት የሟሟው ቀለም ወደ ታች ይወርዳል። እየጫናችሁ እንጂ እያሻችሁ አይሁን፤ ማሸት ጠብታውን ወደ ሰፊ ጥላ ይለውጠዋል። በመጨረሻ የቀረውን ቅባት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፤ ያለዚያ ቢጫማ ክብ ይተዋል።

ሜላሚን ስፖንጅ የሚባለውን ነጭ ስፖንጅ ለስኒከር ነጭ የጎማ ጠርዝ ከልቤ እጠቁማለሁ። ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ነገር ግን የሚሠራው እንደ እጅግ የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ነው፤ ወዝ ባለው ቆዳ ላይ ካሻችሁት ወዙን ይዞ ይሄዳል።

ለእንጨትና ለብረት የተሠሩትን የቀለም መግፈፊያዎች ለጫማ አታስቡ። በብዙዎቹ ውስጥ ይገኝ የነበረው ዳይክሎሮሜቴን የተባለ ኬሚካል ጭሱ ሰው የሚገድል በመሆኑ በአሜሪካ ለቤት ተጠቃሚ በቀለም መግፈፊያነት እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ታግዷል። በረኪናም ቀለም አያስለቅቅም። ሽፋኑን ሳይነካ በሥሩ ያለውን ጨርቅ ያነጣዋል፤ ከአልኮል ወይም ከአሴቶን ጋር ሲቀላቀል ደግሞ መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ።

ካሞሽ ጫማ ያላችሁ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ከላይ ያልኩት አብዛኛው ለእናንተ አይሆንም። ካሞሽ ላዩ የተገፈፈና የተፈገፈገ፣ ጥቃቅን ፀጉር የሚመስል ክር ያለው ቆዳ ነው። ፈሳሽ ሲነካው ቀለሙን ወደ ሥሩ ይወስደዋል፤ ክሩም ተጣብቆ ይደርቃል። ስለዚህ እርጥብ የውሃ ቀለም ቢፈስበት ላዩ ላይ የቆመውን በጨርቅ ጫፍ ሳታሹ ምጠጡት፣ የቀረውን ግን እንዲደርቅ ተዉት። መታገሥ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ያን ጊዜ በጣታችሁ መካከል ቆዳውን ወዲያና ወዲህ አጥፉት፣ ከዚያ የካሞሽ ቡሩሽ አሳልፉበት። በክሮቹ ጫፍ ላይ የቀረውን በንጹሕ ላጲስ፣ እምቢ ያለውን ደግሞ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጣም በቀስታ። ቦታው ከአካባቢው ትንሽ ሊሳሳ ይችላል፤ ቡሩሹን በሁሉም አቅጣጫ ስታሳልፉ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። በካሞሽ ላይ የዘይት ቀለም ከሆነ ግን በቤት አትሞክሩት።

መልኩ ከውስጡ የሆነ፣ ላዩ ያልተሸፈነ ለስላሳ ቆዳም እንዲሁ ነው። የሚለየው በአንድ የውሃ ጠብታ ነው፤ ጠብታው ተንከባሎ ከቆመ ቆዳው የተሸፈነ ነው፣ ሰምጦ ካጠቆረው ያልተሸፈነ ነው። ሁለተኛው ከሆነ አልኮልን ጨምሮ ሁሉንም ተዉት።

የተጠላለፈ ክር ላላቸው የስፖርት ጫማዎች አልኮልና ለስላሳ የጥርስ ቡሩሽ ይበቃሉ። ከጀርባ ጨርቅ ማድረግን አትርሱ።

አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል የቱ ጋ መሄድ ይሻላል? ሊስትሮ ለተሸፈነ ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳ ላይ ላለ ትንሽ ጠብታ ጥሩ ምርጫ ነው። እጁ ቆዳ ያውቃል፣ የሚሠራው ፊታችሁ ስለሆነ ማስቆም ትችላላችሁ፣ የለቀቀውንም ቦታ በተመሳሳይ የጫማ ቀለም ያለብሰዋል። ለካሞሽና ለነጭ ቆዳ ግን አልመርጠውም፤ ሰም ያለው የጫማ ቀለም ካሞሽን ያበላሻል።

የልብስ ማጠቢያ ቤቶችን በተመለከተ ያለኝ ልምድ አንድ ነው፣ ክፉም ነው። የሸራ ስኒከር ሰጥቼ ቀለሙ ጠፍቶ፣ ሶሉ ግን ከፊት ተከፍቶ ተመለሰልኝ። ደረቅ እጥበት የሚካሄድባቸው ፈሳሾች ለጨርቅ የታሰቡ ናቸው፤ ማስቲሽንም ያለሰልሳሉ። ለጫማ የተለየ የእጅ ሥራ ክፍል ከሌላቸው እለፏቸው። ስኒከር ብቻ የሚያጸዱ ቤቶች ለሸራ፣ ለክርና ለጎማ ከማንም ይበልጣሉ።

ለካሞሽ፣ ላልተሸፈነ ቆዳና ዋጋ ለምትሰጡት ማንኛውም ጫማ የምጠቁመው ቆዳ የሚያድስና መልሶ የሚቀባ ባለሙያ ነው። ልዩነቱ የማስለቀቅ ችሎታው አይደለም፤ የጫማው መልክ አብሮ ቢለቅ መመለስ መቻሉ ነው። ጫማውን ከመስጠታችሁ በፊት «በምን ታስለቅቀዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የቀለሙን ዓይነትና ቀኑን መልሶ ከጠየቃችሁ፣ በማይታይ ቦታ እሞክራለሁ ካለ፣ ስጡት። ጫማውን ሳያገላብጥ «በቲነር» ካለ ይዛችሁ ተመለሱ። እናንተ አስቀድማችሁ የሞከራችሁትንም ፈሳሽ አትደብቁት፤ ሥራው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አልኮል፣ አሴቶን፣ አኳራጅ፣ ሁሉም ይቀጣጠላሉ። መስኮት ክፈቱ፣ ከእሳት ራቁ፣ የጎማ ጓንት አድርጉ። የዘይት ቀለምና አኳራጅ የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ፤ የሚደርቅ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የታጨቀ ጨርቅም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

አንድ ጥሩ ነገር ልጨምር። በሰም የጫማ ቀለም በደንብ የተወለወለ ጫማ ላይ የሚወድቅ ጠብታ ሰሙ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ብዙ ጊዜ በጥፍር ሲነካ ከሰሙ ጋር ይነሳል። አሁን ቡሩሽ ከማንሳቴ በፊት ያን ቡናማ ጫማ ባላደርገውም እንኳ እወለውለዋለሁ። ባለሙያው የግራውን ጫፍ ገፎ በሦስት ስስ ሽፋን መልሶ ቀብቶልኛል። ፀሐይ ላይ ከቀኙ በትንሹ ይቀላል፤ ከእኔ በስተቀር ያየው ሰው የለም።