እርሾ እና ባክቴሪያ ሁለቱም ባለ አንድ ሕዋስ ሆነው ሳለ ለምን በተለያየ ኪንግደም ተመደቡ?

ጠያቂ፦
ለተማሪዎቼ ስለ አምስቱ ኪንግደሞች (ሕያዋን ፍጥረታት ስለሚመደቡባቸው ትልልቅ ክፍሎች) ማስታወሻ ሳዘጋጅ ሁለት ነገሮች ግራ አጋቡኝ። አንደኛው፣ እርሾ እንደ ባክቴሪያ ባለ አንድ ሕዋስ ሆኖ ሳለ ከእንጉዳይ ጋር በፈንገስ ሥር መመደቡ ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮካርዮት ማለት ኑክለስ (ዲኤንኤን የሚይዝ በሽፋን የተከለለ ክፍል) የሌለው ሕዋስ ከሆነ የሰውን ቀይ የደም ሕዋስ ምን ልንለው ነው? እሱም ኑክለስ የለውም።

መላሽ 1፦
አስቀድሞ የሚታየው የሕዋሱ አወቃቀር እንጂ የሕዋሶቹ ቁጥር አይደለም። ሞኔራ በተባለው የፕሮካርዮቶች ኪንግደም የሚመደቡት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤያቸው በሽፋን ሳይከለል በሳይቶፕላዝም ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ማይቶኮንድሪያም (ኃይል አመንጪው የሕዋስ ክፍል) ሆነ ክሎሮፕላስት (ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት ክፍል) የላቸውም። የቀሩት አራቱ ኪንግደሞች ማለትም ፕሮቲስታ (እንደ አሜባ ያሉት)፣ ፈንገስ፣ እጽዋትና እንስሳት ግን ኢዩካርዮቶች፣ ማለትም ሕዋሳቸው ኑክለስ ያለው ናቸው። እርሾን በማይክሮስኮፕ ብናየው ከእናት ሕዋሱ ጎን ትንሽ እብጠት ወጥታ፣ እያደገች ሄዳ፣ ኑክለሱ ለሁለት ሲከፈል ድርሻዋን ይዛ ትለያለች፤ ባክቴሪያ የሚከፍለው ኑክለስ የለውም። የሕዋስ ግድግዳቸውም ይለያያል። በእርሾ ግድግዳ ውስጥ እንደ እንጉዳይ ሁሉ ካይቲን የተባለ ጠንካራ ንጥረ ነገር ሲገኝ፣ የአብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግድግዳ ግን ፔፕቲዶግላይካን ከተባለ ሌላ ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን እየገደለ እርሾን የማይነካውም የሚያጠቃው የፔፕቲዶግላይካንን ግንባታ ስለሆነ ነው።

መላሽ 2፦
ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ልጨምር። ይህ ሕዋስ ሲፈጠር ኑክለስ ነበረው፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥ እየበሰለ ሲሄድ ግን ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ቦታ የሚለቅ ይመስል አውጥቶ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ መከፋፈል አይችልም፤ 120 ቀን ያህል አገልግሎም ይወገዳል። የወፎች ቀይ የደም ሕዋስ ደግሞ ኑክለሱን እንደያዘ ይኖራል። በኪንግደም የሚመደበው ሕያው ፍጡሩ በመሆኑ፣ አንዱን ሕዋስ ነጥሎ ፕሮካርዮት ነው ማለት አይቻልም።

መላሽ 3፦
በሁለቱም መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሞኔራን እንደ አንድ ወጥ ክፍል ማስተማሩ ዛሬ አያስኬድም። ሮበርት ዊቴከር አምስቱን ኪንግደሞች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር። በ1977 ካርል ዎዝ እና ጆርጅ ፎክስ የራይቦዞምን (ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል) አርኤንኤ በማነጻጸር፣ ኑክለስ ከሌላቸው ፍጥረታት መካከል አርኪያ የተባሉት ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸውን አሳዩ፤ እነዚህ በግድግዳቸው ውስጥ ፔፕቲዶግላይካን የላቸውም። በአጉሊ መነጽር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን መለየት አዳጋች ነበር። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ «ሞኔራ» ከሚለው ሥር ባክቴሪያንና አርኪያን ለየብቻ ቢያስቀምጧቸው ይሻላል።