የአዝቴክ አማልክት ለሜክሲኮ አሜሪካውያን ምንድን ናቸው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ የሜክሲኮ ልጆች የአዝቴኮችን አምላክ ኬትሳልኮአትልን በግድግዳ ላይ ሲስሉ፣ ስለ አፈ ታሪኳ ምድር ስለ አዝትላንም አብዝተው ሲናገሩ አያለሁ። ከ500 ዓመት በፊት በሜክሲኮ የተሸነፈው የአዝቴኮች መንግሥት እምነት ዛሬ የማንነታቸው አካል የሚሆነው እንዴት ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ሐረር፣ ጁገል)፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ከእምነት ይልቅ ከመሬት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሜክሲኮ ካሊፎርኒያን ጨምሮ ሰፊ ግዛቷን ለአሜሪካ ስትለቅ፣ በዚያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ከቀዬው ሳይነሣ የሌላ አገር ተገዥ ሆነ። በ1969 በዴንቨር የተሰበሰቡት የቺካኖ (ሜክሲኮ አሜሪካውያን ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው) ወጣቶች፣ በአፈ ታሪክ የአዝቴኮች መነሻ የሆነችውን አዝትላንን አገራችን ናት ብለው ሲያውጁ፣ መጤ አይደለንም ማለታቸው ነበር። በማግሥቱ ዓመት በሳንዲያጎ ነዋሪዎች በድልድይ ሥር የነበረውን መሬት ይዘው ቺካኖ ፓርክን መሠረቱ፤ የድልድዩ ምሰሶዎችም በኋላ በእነዚሁ ጥንታዊ ምስሎች ተሸፈኑ። እኔ ይህን እጅግ አከብራለሁ።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ የጁገሉ ወንድማችን ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበኛል። የሜክሲኮ ሕዝብ የዘር ሐረግ ከማያ፣ ከሳፖቴክ፣ ከሚክስቴክና ከሌሎችም ብዙ ሕዝቦች፣ እንዲሁም ከስፔናውያንና ከአፍሪካውያን የሚመዘዝ ሆኖ ሳለ፣ የአዝቴክ ምስል ብቻ ጎልቶ ሲወጣ የሌሎቹ ይደበዝዛል። ደግሞም ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የአዝቴኮችን ቋንቋ ናዋትልን ዛሬም ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይናገሩታል። ሥዕሉን የሚወዱ ወጣቶች እነዚህን ሕያዋን ባለቤቶች ቢያዳምጡ እመኛለሁ።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የ1848ቱን ውል ከአዝትላን ጋር አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር።