ጥቆማ፦ የጓዳ ስንቅ ከየት ይገዛ? ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና ድርቆሽ

«ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ገበያ የምወጣበት ጊዜ የለኝም። ጓዳዬ ውስጥ ምን ላስቀምጥ? ከየትስ ልግዛ?» ብላ አንዲት እህት ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ቤት ከተከራየች ገና 3 ወሯ ነው። ለእሷ የመለስኩት ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ሰፋ አድርጌ ጻፍኩት።

መልሴ ባጭሩ ይሄ ነው። ገንዘባችሁንና ጊዜያችሁን ሽሮና በርበሬ ላይ አውሉት። ሌላውን ከቀረባችሁ ሱቅ ግዙ። ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ የቲማቲም ድልህ ከየትም ቢገዛ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሽሮ ከሽሮ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጥሩ ሽሮ ያለው ቤት ሽንኩርት እንኳ ቢያልቅበት እራት አያጣም።

ሽሮን በ3 መንገድ ገዝቼ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ከሱፐርማርኬት የታሸገውን ነው። ጥቅሙ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ከምን እንደተሠራ ተጽፎ ካላያችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። ከተጻፈም ሽምብራ ነው አተር ወይስ ባቄላ የሚለውን አንብቡ። የሽምብራው ወፈር ይላል፣ የአተሩ ለስለስ ይላል። የባቄላው ጠረኑ ከበድ ስለሚል እኔ ለብቻው አልወደውም። የታሸገውን ትልቁን ጉድለት የማየው ቅመሙ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ጨውና በርበሬ ይጎላበታል፣ ኮረሪማውና በሶብላው ይጠፋል። ለአንድ ሰው፣ በወር አንድ ኪሎ ለሚበላ፣ ግን በቂ ነው።

ሁለተኛው የሰፈር ባልትና ቤት ነው። እዚህ ሽታችሁና ቀምሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ቆንጠር አድርጋችሁ ደረቁን ምላስ ላይ አስቀምጡት። በደንብ የታመሰ ሽምብራ ለውዝ ለውዝ ይላል። መረር ካለ አርሯል፣ ወይም አብሽ በዝቶበታል። የቆየ ሽታ ካለው ቢጣፍጥም አትግዙት። ከረጢቱ ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ መንገድ ዳር የሚውል ከሆነም እለፉት። አቧራው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ደስ ካላችሁም መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ውሰዱ። ቤት ሠርታችሁ ቅመሱት፣ ከወደዳችሁት በሳምንቱ ተመልሳችሁ 3 ኪሎ ግዙ። እኔ ይህን ደንብ ሳልለቅ ስለምሄድ ብዙ ብር አድኖልኛል።

ሦስተኛው እህሉን ገዝቶ ራስ ማስፈጨት ነው። ለ2 ሰውና ከዚያ በላይ ላለው ቤት የምመርጠው ይህን ነው። ሾላ ገበያ ሽምብራውም፣ ቅመሙም፣ ወፍጮውም በአንድ አካባቢ ስለሚገኝ ለጀማሪ ይቀላል። መርካቶ እህል በረንዳ በብዛት ለሚገዛ ይረክሳል፤ ግን የሚያወርድና የሚጭን ሰው ያስፈልጋል፣ ቀኑም እዚያው ያልቃል። ጎረቤቶች ተሰብስባችሁ የምትገዙ ከሆነ መርካቶ ሂዱ። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ሾላ ይበቃል። ሽምብራው ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተበጥሮ ስለሚወጣ 10 ኪሎ አስገብታችሁ 10 ኪሎ ሽሮ እንዳትጠብቁ። ሂሳቡን ስትሠሩ ይህን አስቡበት። እንዲያም ሆኖ የራስ ሽሮ ከታሸገው ጋር በኪሎ ሲወዳደር ለእኔ ሁሌም ረክሶ ነው የወጣው።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ከኔ በፊት ምን ተፈጨ?» በርበሬ ከተፈጨ ነጭ ሽሯችሁ ይቀላል። በቆሎ ከተፈጨ ሽሮው ውስጥ በቆሎ ይገባል። በፊት በነበርኩበት ሰፈር የምሄድበት ወፍጮ ቤት ለሽሮና ለበርበሬ ለየብቻ ወፍጮ ነበረው። ባለ አንድ ወፍጮ ከሆነ ከናንተ በፊት ሽሮ ያስፈጨ ሰው እስኪኖር ጠብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልንገራችሁ። ከወፍጮ የወጣ ሽሮ ትኩስ ነው። አንድ ጊዜ 6 ኪሎ አስፈጭቼ መሽቶብኝ ስለነበር እንዳለ ባልዲ ውስጥ ገልብጬ ክዳኑን ገጠምኩት። በነጋታው ስከፍተው የክዳኑ ሆድ በውሃ ጠብታ ተሞልቷል። ጠርጌ ዘጋሁት። በ2 ሳምንቱ ጥጉ ላይ ተጋግሮ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። ከላይ ጠርጌ ልብላ ማለት አልቻልኩም፣ ሁሉንም ደፋሁት። የእናቴን የስንት ቀን ልፋት! ከዚያ ወዲህ ንጹህ ነጠላ ላይ ዘርግቼ፣ እጄን አስገብቼ ቀዝቃዛ እስኪሆን ሳልጠብቅ አልከድንም።

ጊዜ የሌላችሁ ደግሞ በትዕዛዝ የሚያዘጋጁ የባልትና ባለሙያ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። በቴሌግራም የሚሸጡም ሞልተዋል። ልዩነቱ ያለው የምታውቁት ሰው ቀምሶ መስክሮላቸዋል ወይስ አልመሰከረም በሚለው ላይ ነው። ፎቶ አይቶ 5 ኪሎ ማዘዝን አልመክርም። እዚህም ቢሆን መጀመሪያ ሩብ ኪሎ።

ወደ በርበሬ እንሂድ። የተፈጨ በርበሬ ከማላውቀው ሰው አልገዛም። ቀይ አፈር፣ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅሉ ስላሉ ነው። ግድ ከሆነባችሁ በብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ጣሉበትና ጥቂት ጠብቁ። አፈር ካለው ወደ ታች ይዘቅጣል። በጣት ሲታሽም ሻካራነቱ ይታወቃል። የተሻለው ግን ዛላውን ገዝቶ ማዘጋጀት ነው። የማረቆ ዛላ ደማቅ ጥቁር ቀይ ነው፣ ወጡን ያቀላዋል። ዛላውን ስትመርጡ ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለው ሻጩ ምንም ቢቀንስላችሁ አትውሰዱት። የሻጋታ መርዝ ስትቆሉትም ስትቀቅሉትም አይጠፋም። ዛላ የሚረክሰው ምርቱ በሚገባበት በበጋው ወራት ነው። ማስጣትም የሚመቸው ያኔ ነው። ክረምት ላይ ለማዘጋጀት የምታስቡ ቢያንስ እስከ ጥቅምት ታገሡ፣ እስከዚያ ከባልትና ቤት ትንሽ ትንሽ ግዙ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ። ምስር ክክ፣ ሩዝ፣ ዘይትና መኮሮኒ የእሁድ ገበያ ወይም የሸማቾች ሱቅ ይሻላል። ምስሩን መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ ጠጠርና ነቀዝ እዩ። ቂንጬ ከታሸገውም ጥሩ ጥሩ አለ። ተልባን ግን ፍሬውን ግዙና ስትፈልጉ ብቻ ቆልታችሁ ፍጩት። ተልባ ዘይት ስላለው ተፈጭቶ ሲቆይ ጣዕሙና ጠረኑ ይበላሻል። ንጥር ቅቤ ከቻላችሁ በሁዳዴ ለጋውን ገዝታችሁ ራሳችሁ አንጥሩ፣ ያኔ ፈላጊው ስለሚቀንስ ዋጋውም ይቀንሳል።

አሁን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገብታችኋል። ምን ይሠራ?

ሽሮ ለ2 ሰው፦ አንድ ራስ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍ። በዘይት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርት ይግባበት። 2 ብርጭቆ ተኩል ውሃ ይጨመርና ይፍላ። ግማሽ ብርጭቆ ሽሮ በሌላ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና በቀስታ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ የሚበትን እጁ ለምዶ ነው፤ ያልለመደ ሰው ቋጠሮ ይበዛበታል። እሳቱን ቀንሱና ዘይቱ ከላይ ብቅ እስኪል ይንተክተክ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ቶሎ ያወጣዋል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ስጡት። ምጥን ሽሮ ጨው ስላለው ጨው ቀምሳችሁ በመጨረሻ ጨምሩ። ወፈር ያለ ተጋቢኖ ካሰኛችሁ ውሃውን ወደ አንድ ብርጭቆ ተኩል አውርዱት።

ድርቆሽ ከሽሮ ቀጥሎ ባለውለታዬ ነው። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት በቁራሽ በቁራሽ ቆራርጣችሁ ንጹህ ጨርቅ ላይ ፀሐይ ስጡት። 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። ሲነካ እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፣ አትክደኑት። የድርቆሽ ፍርፍር 10 ደቂቃ አይፈጅም፤ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ጨው። ቁሌቱ ሲበስል ድርቆሹን ጨምራችሁ አንዴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉና አውጡት። ከቆየ ይላቁጣል። የሚሸጥ ድርቆሽ አለ፣ ሁለቴ ገዝቼዋለሁ። በጣም ኮምጥጦብኛል። በዚህ የቤቱን አስበልጣለሁ። ቋንጣ ካላችሁ ጣል አድርጉበት፣ ለእንግዳ ይሆናል።

ምስር ክክ ከሥራ እንደገባችሁ ታጥቦ እሳት ላይ ቢጣድ ልብስ ቀይራችሁ እስክትመጡ መብሰል ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሶ አለ። በሶ ምንም እሳት አይፈልግም። ጨው፣ ትንሽ በርበሬና ዘይት ወይም ቅቤ አድርጋችሁ በውሃ ማሸት ነው። በዚህ ሰሞን መብራት በሄደበት ማታ ሁለት ልጆች በበሶ ጠግበው ሲተኙ አይቻለሁ።

ለጠየቃችሁኝ ሁለት ነገር ልጨምር።

«ነቀዝ አስቸገረን» ላላችሁ፦ ሽምብራና ምስር ገዝታችሁ ስትመጡ በላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ 4 ቀን አስቀምጡት። እንቁላሉም ይሞታል። ካወጣችሁት በኋላ ላስቲኩን ሳትፈቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ተዉት፣ አለዚያ ወዝቶ ይረጥባል። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ገልብጡ። እርጥብ ማንኪያ በፍጹም አታስገቡ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የገባበትን ቀን ጻፉ።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ዱባይ ያላችሁ የሐበሻ ሱቅ አታጡም። ሽሮ ካለቀባችሁና ሱቁ ከራቃችሁ የሕንድ ሱቅ የሚሸጠው ቤሰን የሽምብራ ዱቄት ነው። ግን ጥሬ ሽምብራ የተፈጨ ስለሆነ እንዳለ ብትሠሩት ጥሬ ጥሬ ይላል። ደረቅ መጥበሻ ላይ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ ቀለሙ ወርቃማ እስኪሆንና የሽምብራ ቆሎ ጠረን እስኪያወጣ አምሱት። ቀዝቀዝ ሲል በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ትንሽ ነጭ አዝሙድና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ቀላቅሉበት። የእናታችሁን ሽሮ አይሆንም፣ ግን ለማክሰኞ ማታ ይበቃል። ቀይ ምስር ደግሞ ከየትኛውም ሱፐርማርኬት መግዛት ይቻላል።

እኔም የምፈልገው ጥቆማ አለ። አያትና ሲኤምሲ በኩል ለሽሮና ለበርበሬ ለየብቻ ወፍጮ ያለው ወፍጮ ቤት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ዘንድሮ ሰፈር ቀይሬያለሁ፣ ጥር ላይ ሽምብራ ማስገባቴ ነው።