ትሪኮግራማዎቼ ወንድ ብቻ እየሆኑብኝ ነው

የአዳማ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው ያለሁት። የቲማቲም ፍሬ ለሚበላው ጓይ ትል ብዬ ትሪኮግራማ የሚባለውን፣ የሌላ ነፍሳት እንቁላል ወግቶ ውስጡ የራሱን የሚጥል ደቃቅ ተርብ በኮርሲራ እንቁላል ላይ እያራባሁ ነው። ኮርሲራ እህል ውስጥ የምትገባዋ የሩዝ የእሳት እራት ናት፤ ማሽላ ከክቼ በሳፋ አኖራታለሁ፣ በእሷ በኩል ችግር የለም። እንቁላሏን ካርቶን ላይ በሙጫ አጣብቄ ተርቦቹን እለቅበታለሁ። የተወጋው እንቁላል በአራተኛው ቀን ገደማ ይጠቁራል። መጀመሪያ ካርቶኑ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ! አሁን ሰባተኛው ትውልድ ላይ ነኝ፤ ግማሹ አይጠቁርም፣ ካልጠቆረው የእራቷ ትል እየወጣ ጥቁሮቹን ይበላብኛል። በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ደግሞ አብዛኞቹ አንቴናቸው ጸጉራም ነው፣ ወንድ ማለት ነው። ክንፋቸው የተጨማደደም አለ። ምን አጠፋሁ?

ማሽላ በሳፋ፦
ትሉ የሚወጣው እንቁላሉን ሳትገድል ስለምትሰጣቸው ነው። መጀመሪያ አልትራቫዮሌት መብራት ስር አቆየው፤ ጽንሱ ይሞታል፣ ምግቡ ግን ለተርቧ ይተርፋል። መብራቱን ግን በዓይንህ እንዳታየው። እራቶቹን ስትሰበስብ ማስክ አድርግ፤ የክንፋቸው ብናኝ ደረት ያፍናል፣ እኔን ለወራት አስሎኛል። ሳፋውንም በስስ ጨርቅ ክደን። ብራኮን የምትባል ሌላ ተርብ ከገባች ትሎቹን ወግታ ሳፋውን ባዶ ታደርገዋለች።

ሐረግ፦
ወንድሜ፣ የወንዱ ነገር ሌላ ነው። ከወንድ ያልተገናኘች ሴት ትሪኮግራማም እንቁላል ትጥላለች፣ ግን የሚወጣው ወንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደወጡ አትበትናቸው፤ ማር በስሱ ቀብተህ አንድ ላይ አቆያቸውና ከዚያ እንቁላል ስጣቸው። ተርቡ በዝቶ እንቁላሉ ካነሰም አንዱን ደጋግመው ይወጉታል፤ ያኔ ወንድ ይበዛል፣ የሚወጡትም ኮሳሳና ክንፈ ጎደሎ ይሆናሉ። የአዳማን የሚያዝያ ሙቀትም አትናቅ፣ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆንላቸው ጥሩ ነው።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰባት ትውልድ ሙሉ ኮርሲራ ላይ ብቻ መቆየታቸው ነው። እንቁላሏ ትንሽ ናት፣ ፍለጋ የለ፣ በረራ የለ፤ ካርቶኑ ላይ የለመደች ተርብ ማሳ ላይ ስትለቃት ልትሰንፍ ትችላለች። በየአምስት ስድስት ትውልዱ ወደ ጓይ ትል እንቁላል መልሳቸው።

የአዳማ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ እኔ እኮ እንቁላሉ አርጅቶ ነው ብዬ ሳፋ ስቀያይር ነው የከረምኩት። የጓይ ትሉን እንቁላል ግን ከየት ላምጣ?

ሐረግ፦
መድኃኒት ያልተረጨ ቲማቲም ውስጥ በጠዋት ግባ። አበባው አጠገብ ያሉትን ለጋ ቅጠሎች እያገላበጥክ እይ። አንድ አንድ ሆኖ ነው የሚጣለው፤ ነጣ ያለ፣ ክብ፣ በሌንስ ስታየው ጎኑ ላይ መስመር መስመር ያለበት። ጥቁር ካገኘህ ደግሞ እንዳትጥለው፤ የአካባቢው ትሪኮግራማ ቀድማህ ይሆናል፣ ብልቃጥ ውስጥ ለብቻው አኑረህ የሚወጣውን ጠብቅ።