የሳሙራይ ፊልሞች በምዕራቡ ዓለም ስለምን ተወደዱ?

ጥያቄ፦ የጃፓናዊውን የፊልም ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» ሰሞኑን ደግሜ ተመለከትኩት። በጃፓን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለኖሩ ገበሬዎችና ጌታ አልባ ተዋጊዎች የሚተርክ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚረዝም ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ባህሉን በማያውቁ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ዘንድ ይህን ያህል ሊወደድ የቻለው በምን ምክንያት ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ በሩን የከፈተው «ራሾሞን» የተሰኘው የኩሮሳዋ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሽልማትን ሲያገኝ ምዕራባውያን ፊታቸውን ወደ ጃፓን ሲኒማ አዞሩ።

መልስ 2፦ ሽልማቱ ብቻውን በቂ ምክንያት አይመስለኝም። ኩሮሳዋ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጆን ፎርድ የካውቦይ ፊልሞች አድናቂ ስለነበር አተራረኩ ለምዕራባዊው ተመልካች እንግዳ አልነበረም። የመጨረሻውን ውጊያ ልብ ብለው ይመልከቱት፤ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ሰውና ፈረስ በጭቃ ይለወሳል፣ ትዕይንቱም በበርካታ ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ስለተቀረጸ ተመልካቹ ራሱን በውጊያው መሃል ያገኘዋል። ይህን ለመረዳት ጃፓንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ሆሊውድም እ.ኤ.አ. በ1960 ታሪኩን ወስዶ የካውቦይ ፊልም አድርጎታል።

መልስ 3፦ «ዮጂምቦ» የተሰኘው ሌላው የኩሮሳዋ ፊልምም እንዲሁ ነው። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1964 ታሪኩን ያለፈቃድ ወስዶ ክሊንት ኢስትውድን መሪ ተዋናይ አድርጎ ሠራው፤ በዚህ የተነሳው ክርክርም ለጃፓኖቹ ካሳ ተከፍሎ በስምምነት አለቀ። ጠያቂው ግን በኩሮሳዋ ብቻ እንዳይወሰኑ አደራ እላለሁ። የሌላው ጃፓናዊ ዳይሬክተር የማሳኪ ኮባያሺ ፊልም «ሃራኪሪ» የሳሙራይን የክብር ሕግ ግብዝነት ያለ ርኅራኄ ያጋልጣል፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚልቀው እርሱ ነው።