ማሎን ሁለተኛ ነው? የፓወር ፎርዋርዶች ደረጃ ክርክር

24 ሰከንድ፦ ዝርዝሬን ላስቀምጥ፣ ስድብ ግን በልክ ይሁን። የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) የምንጊዜም ምርጥ ፓወር ፎርዋርዶች (ቅርጫቱ አካባቢ የሚጫወቱ ግዙፍ አጥቂዎች)፦ ደንካን፣ ማሎን፣ ጋርኔት፣ ኖዊትዝኪ፣ ባርክሊ። ያኒስ ገና እየተጫወተ ስለሆነ ዘልዬዋለሁ። ደንካን ላይ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። 5 ዋንጫ፣ 2 ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች)፣ 3 የፍጻሜ ኤምቪፒ፣ 19 ሲዝን በአንድ ማሊያ፣ በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ። (ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው።)

አምስት ፋውል፦ አለሁ እንጂ! ደንካን ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚቆም ረጅሙ ተጫዋች) ነው። የስፐርሱ ሴንተር ሮቢንሰን በ2003 ጡረታ ከወጣ በኋላ ቅርጫቱን የሚጠብቀው ማን ነበር፣ ራሾ ኔስትሮቪች? በ2013 እኮ መራጮቹ ራሳቸው የዓመቱ ምርጥ አምስት ውስጥ ያስገቡት በሴንተርነት ነው።

ሰሌዳ፦ በ2013 የ37 ዓመት ሰው ነበር፣ እግሩ ሲከብደው ወደ ውስጥ ገባ፣ ምን ይደረግ። ዋናውን ዘመኑን እይ። በ2003 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ኔትስ ላይ 21 ነጥብ፣ 20 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ 10 አሲስት (ለነጥብ የሚያበቃ ቅብብል)፣ 8 ብሎክ (የተወረወረ ኳስ ማገድ) ሲሠራ ሴንተሩ ሮቢንሰን ነበር። ደግሞስ የትኛው ሴንተር ነው በግራ በኩል ገለል ብሎ ኳስ ተቀብሎ፣ ፊቱን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ፣ አንዴ ኳሷን ወዝወዝ አድርጎ፣ የሰሌዳውን አራት ማዕዘን ጫፍ እያስነካ የሚያስገባው? አሰልቺ ሾት ናት ይላሉ። ለኔ ከሷ የሚያምር የለም።

ግራ እጅ፦ ደንካንን ተዉት፣ ዝርዝሩ የተበላሸው ሁለተኛው ላይ ነው። ቦታው የጋርኔት ነው። ማሎን? 36,928 ነጥብ አለው፣ እሺ፣ ማንም አይክድም። ግን የ1997 ፍጻሜ የመጀመሪያው ጨዋታ 82 ለ82 ሆኖ፣ 9 ሰከንድ ሲቀር፣ ሁለት ፍሪ ስሮው (ነጻ ውርወራ) አገኘ። ቅጽል ስሙ ፖስተኛው ነው፣ ቀኑ ደግሞ እሁድ። የተጋጣሚው የቺካጎ ተጫዋች ፒፐን ጠጋ ብሎ ፖስተኛ እሁድ አያደርስም አለው። ሁለቱንም ሳተ! ጆርዳን በመጨረሻዋ ቅጽበት ጨረሰው። በዓመቱ፣ በ1998 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ፣ የማሎን ቡድን ዩታ በ1 ነጥብ እየመራ ኳሷ ማሎን እጅ ነበረች፣ ጆርዳን ከኋላው መጥቶ ነጠቀው። 87 ለ86፣ አለቀ።

24 ሰከንድ፦ ሁለት ቅጽበት ይዘህ የ19 ሲዝን ሥራ ልትሰርዝ ነው? ሰውዬው በዩታ 18 ሲዝን ያመለጠው 10 ጨዋታ ብቻ ነው። እና ጋርኔትህስ? ከ1997 እስከ 2003 በተከታታይ 7 ጊዜ አንደኛው ዙር ላይ ነው የተሰናበተው።

ግራ እጅ፦ ከማን ጋር ሆኖ? ማሎን ጎን ስቶክተን ነበር፣ በታሪክ ከሁሉም በላይ አሲስት ያደረገው ሰው። ጋርኔት ጎን ማን ነበር? ቡድኑ ሚኒሶታ ከተጫዋቹ ጆ ስሚዝ ጋር በድብቅ ተዋውሎ ሲነቃበት የአንደኛ ዙር የድራፍት (አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጫ ተራ) ምርጫዎቹን ተነጠቀ፣ ስለዚህ ጎበዝ ልጅ የሚያመጣበት በር ተዘጋ፣ ጋርኔት ብቻውን ቀረ። በ31 ዓመቱ ቦስተን ሄደ፣ በመጀመሪያው ሲዝን ዋንጫውንም የዓመቱን ምርጥ ተከላካይነትም ወሰደ። ሲከላከል አይተኸዋል? ጉልበቱን አጥፎ፣ ከኋላ ሆኖ እየጮኸ አራቱንም ቦታ ቦታቸውን ያስይዛል። ይሄ ቁጥር ላይ አይጻፍም።

ተቀያሪ ወንበር፦ ዋንጫ መቁጠር ከሆነ ሮበርት ሆሪ 7 አለው፣ አንደኛ ይሁና። ሮድማንም ልክ እንደ ደንካን 5 አለው። እኔ የማየው ማንን አሸንፎ እንደወሰደ ነው። ኖዊትዝኪ በ2011 ሌብሮን፣ ዌድና ቦሽ ያሉበትን ማያሚን ነው ያሸነፈው። አራተኛውን ጨዋታ ትኩሳት ይዞት ነው የተጫወተው። ስድስተኛው ላይ እስከ ዕረፍት 12 ወርውሮ 1 ብቻ አገባ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጄሰን ቴሪ ባይደርስለት አልቆለት ነበር። ግን ከዕረፍት መልስም መወርወሩን አልፈራም። በአንድ እግሩ ቆሞ ወደ ኋላ ዘመም እያለ የሚወረውራትን ሾት ዛሬ ስንቱ ነው የሚኮርጃት!

አምስት ፋውል፦ ያኒስን ገና እየተጫወተ ነው ብሎ መዝለል ደግሞ ምን ዓይነት ሕግ ነው? በ2021 ፍጻሜ ስድስተኛው ጨዋታ ፊኒክስ ላይ 50 ነጥብ፣ ከ19 ፍሪ ስሮው 17። ያውም መስመሩ ላይ ሲቆም ለመወርወር ስለሚዘገይ የተጋጣሚ ደጋፊ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲቆጥርበት የከረመ ሰው። ዋንጫ ባስገኘ ጨዋታ 50 ያገባ ከሱ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ቦብ ፔቲት፣ በ1958። እሱም ፓወር ፎርዋርድ ነው፣ ስሙን ግን ማንም አላነሳም።

24 ሰከንድ፦ እሺ፣ የስቶክተን ነገር ገብታኛለች፣ ሽንፈት አይደለም እንግዲህ። ደንካን፣ ጋርኔት፣ ያኒስ፣ ኖዊትዝኪ፣ ማሎን። ባርክሊ ወጣ።

ሰሌዳ፦ ባርክሊ?! በ1987 በ1.98 ሜትር ቁመት እነዚያን ግዙፎች በልጦ በሪባውንድ ሊጉን የመራው ሰውዬ? በል ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስንም።